«ጌኮአችን ብቻውን አሳዘነን፣ ጓደኛ ብናስገባለትስ?»

ደብዳቤው ይሄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ10 ዓመት ልጄ ሌፐርድ ጌኮ የሚባል እንሽላሊት አለው፣ ስሙ ሽሮ ነው፣ መልኩን አይቶ ልጄ ነው ያወጣለት። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ 20 ጋሎን የመስታወት ታንክ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። ልጄ ‹ማሚ ሽሮ ጓደኛ የለውም› እያለ ማታ ማታ ያለቅስብኛል። ባለፈው እሁድ ቤት የሚቀይር ጎረቤታችን የራሱን ሌፐርድ ጌኮ በነፃ ሰጠንና እዛው ታንክ ውስጥ ጨመርነው። እስካሁን አልተጣሉም፣ እንዲያውም ተደራርበው ነው የሚተኙት፣ ልጄ ፎቶ እያነሳ ለሰው ሁሉ ያሳያል። ባለቤቴ ድሬዳዋ ነው ያደገው፣ ‹እኛ ቤት ግድግዳው ላይ አምስት ስድስት ሆነው ነበር የሚያመሹት፣ ምን ይሆናሉ› ይላል። አሁን ልጁ ሌላም አማረው። ፔት ሾፕ ውስጥ የሚሰራ ልጅ ሆዷ ቀይ የሆነች ትንሽ እንቁራሪት አብራቸው መኖር ትችላለች ብሎታል፣ የስራ ባልደረባዬ ደሞ ትንሽዬ ኤሊ ልስጣችሁ ትላለች። ታንኩ ሰፊ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ እንደምን ነሽ። ሌላውን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ አዲሱን ጌኮ ከሽሮ ታንክ አውጪው። ቅዳሜ እረፍት ሲኖረኝ አትበይ፣ ዛሬ ማታ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ያ አልጋ ስር የክረምት ልብስ የምናስቀምጥበት ዓይነት፣ ጎኑንና ክዳኑን አየር እንዲያስገባ በስተሽ፣ ታች ፔፐር ታወል አንጥፈሽ፣ የእርጎ እቃ በር ቆርጠሽ ገልብጠሽለት፣ ውሃ በትንሽ ክዳን ካስቀመጥሽለት ለጊዜው ይበቃዋል። የሙቀቱን ነገር ወደታች እነግርሻለሁ። አሁን ለምን እንዲህ እንዳጣደፍኩሽ ላስረዳሽ።

ያስደነገጠኝ ተደራርበው ይተኛሉ ያልሽው ነው። ፎቶው እንደሚያምር አውቃለሁ፣ ሰው ሲያየው ተቃቅፈው የተኙ ይመስለዋል። ግን ጌኮ አይተቃቀፍም። ጌኮ ሰውነቱን የሚያሞቀው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው፣ የበላው የሚፈጭለትም በዛው ሙቀት ነው፣ ካልሞቀ ምግቡ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። እናንተ ታንክ ውስጥ ደሞ ጥሩ ሙቀት ያለው ቦታ አንድ ነው፣ እዛ ላይ ያለው መደበቂያም አንድ ነው። ሁለቱም እሱን ይፈልጋሉ፣ ጠንከር ያለው ከላይ ይወጣል፣ ሌላው ከስር ይሆናል፣ እኛ ፍቅር ያልነው ነገር እነሱ ዘንድ የቦታ ግፊያ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተጠጋግቶ የቆመ ሁሉ ዘመድ አይደለም አይደል፣ እንደዛ በይው።

ይሄን የምነግርሽ በራሴ ቤት ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ሁለት ሴት ሌፐርድ ጌኮዎች አንድ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ሴቶች ስለሆኑ አይጣሉም ተብዬ። እውነትም አልተጣሉም፣ ንክሻ የለ፣ ደም የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ የስልኬን መብራት በእጄ ጋረድ አድርጌ ሳያቸው ትልቋ የሙቁ መደበቂያ አፍ ላይ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አድርጋ ቁጭ ብላለች፣ ትንሿ ደሞ በዛኛው ጫፍ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ፣ መስታወቱን ተደግፋ ቆማለች። ትንሿ ሁለት ሶስት እርምጃ ወደ ሙቁ ስትጠጋ ትልቋ ጭራዋን ቀስ አድርጋ አነሳችና እንደ እባብ አወዛወዘችው፣ በቃ ሌላ ምንም አላደረገችም፣ ትንሿ ዞራ ተመለሰች። ሶስቴ ሞከረች፣ ሶስቴም ተመለሰች። ጠዋት በሚዛን መዘንኳት፣ ስትመጣ 51 ግራም የነበረችው ልጅ 39 ሆናለች። አውራ ጣቴን ያክል የነበረው ጭራዋ እርሳስ አክሏል። የሌፐርድ ጌኮ ጭራ ማለት ጎተራ ነው እህቴ፣ ስቡን የሚያከማቸው እዛ ነው፣ ጭራው ከሳ ማለት ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ክሪኬት የሚባለውን ፌንጣ መሰል ምግባቸውን ስሰጣቸው ሁለቱም ብቅ ስለሚሉ ሁለቱም የሚበሉ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የምትበላው አንዷ ብቻ ናት። ለየኋት፣ በአራተኛው ቀን መብላት ጀመረች፣ ጭራዋ እስኪሞላ ግን ወራት ፈጀ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል፣ አይኔ ስር ስትራብ አላየኋትም።

ስለዚህ አልተጣሉም ማለት ተስማሙ ማለት አይደለም፣ በተለይ በአንድ ሳምንት።

አሁን ደሞ ጾታቸውን እይ። የጎረቤታችሁ ጌኮ ወንድ ነው ሴት? ሽሮስ? አልጻፍሽልኝም፣ ምናልባትም አልታየም ይሆናል። ወደ ጎልማሳነት የደረሰ ሌፐርድ ጌኮ በቀላሉ ይታወቃል፣ ገልብጠሽ አታስጨንቂው፣ ከስሩ በሚያሳይ ፕላስቲክ እቃ ውስጥ አድርጊውና ከታች እይው። በኋላ እግሮቹ መሀል፣ ከመጸዳጃው ቀደም ብሎ፣ የተገለበጠ የ«ቪ» ቅርጽ የሰሩ ነጠብጣብ ቀዳዳዎች በደንብ ጎልተው ከታዩሽ፣ ከዛ ዝቅ ብሎ የጭራው ስር ላይ ደሞ ሁለት እብጠት ካለ ወንድ ነው። (ጾታቸው የሚወሰነው እንቁላሉ በቆየበት ሙቀት ነው፣ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ አብዛኞቹ ሴት ሆነው ይወጣሉ፣ 32 አካባቢ ከሆነ አብዛኞቹ ወንድ፣ ለልጅሽ ንገሪው ደስ ይለዋል።) ሁለቱም ወንድ ከሆኑ አንድ ቀን ይጣላሉ፣ ጥላቸውም ከባድ ነው፣ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል፣ ታንክ ውስጥ ተሸናፊው የሚሸሽበት የለውማ። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ ደሞ ወንዱ እረፍት አይሰጣትም፣ ሴቷ በአንድ ዙር ሁለት ሁለት እንቁላል እያደረገች በአንድ ወቅት ብዙ ዙር ትጥላለች፣ ከምግቧ ካልበቃት የእንቁላሉ ካልሲየም የሚወጣው ከራሷ አጥንት ነው፣ እንቁላል ተቀርቅሮባት የምትሞትም አለች። በዚህ ሳምንት ተገናኝተው ከሆነ ደሞ አንዴ ሆኗል፣ የወንዱን ዘር ይዛ ስለምትቆይ ከተለየችም በኋላ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንደዛ ከሆነ ካልሲየም ሳታቋርጪ ስጪያት፣ እርጥብ አፈር ወይም ሞስ ያለበት እቃ አስገቢላትና ሆዷን ተከታተዪ፣ በቀጭኑ የሆድ ቆዳ በኩል እንቁላሎቹ ነጭ ሆነው ይታያሉ።

ከጠቡም በላይ ግን የሚያሳስበኝ በሽታው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል በአይን የማይታይ ተውሳክ አለ፣ ጌኮ የሚያረቡ ሰዎች ባጭሩ ክሪፕቶ ይሉታል። አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፣ ጌኮው እየበላ ይከሳል፣ ጭራው እንጨት ይሆናል፣ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈው በሰገራ ነው፣ ሌፐርድ ጌኮ ደሞ አንድ ጥግ መርጦ እዛው ነው የሚጸዳዳው፣ ሁለት ሲሆኑ ያንኑ ጥግ ይጋራሉ፣ እዛ የረገጠች ክሪኬት ተበልታ በሽታውን ይዛ ትገባለች። ለወራት ጤነኛ መስሎ የሚኖር ግን በሽታው ያለበት ጌኮም አለ። በረኪና አጥባለሁ እንዳትዪ፣ ክሎሪን አይገድለውም። በ1993 ሚልዋኪ ከተማ፣ ዊስኮንሰን ውስጥ፣ በቧንቧ ውሃ 400,000 የሚሆን ሰው የታመመው በዚሁ ተውሳክ ነበር፣ የሰዉ ሌላ ዓይነት ነው ከጌኮው ይለያል፣ ግን ክሎሪን የሚቋቋም መሆኑ ላይ አንድ ናቸው። ለዛ ነው አዲስ የመጣ ጌኮ 90 ቀን ለብቻው፣ ከተቻለም ሌላ ክፍል፣ በራሱ መቆንጠጫና በራሱ የውሃ እቃ የሚቀመጠው። መጀመሪያ ሽሮን አብልታችሁ ጨርሱ፣ ከዛ አዲሱን፣ ከዛ እጅ መታጠብ፣ ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። የናንተዎቹ ግን ከእሁድ ጀምሮ አብረው ስለቆዩ የሁለቱንም ትኩስ ሰገራ በትንሽ እቃ ይዘሽ እንሽላሊትና እባብ የሚያይ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጋር ሂጂ፣ ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ቬት ላይችል ይችላል፣ ደውለሽ ጠይቂ። አንዴ በሽታው የለበትም ቢሉሽም እንደገና አስመርምሪ፣ ተውሳኩ ሁሌ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ከስር ያነጠፋችሁትን ሁሉ፣ የእንጨትና የካርቶን መደበቂያ ካለ እሱንም፣ ጣሉት።

ባለቤትሽ ያለው ውሸት አይደለም፣ ድሬዳዋ ያደገ ሰው አምፖል ስር የሚሰበሰቡትን የግድግዳ እንሽላሊቶች ሳያይ አላደገም። ግን እነሱ የሚመጡት ብርሃኑ ለሚጠራው ትንኝ ነው፣ እርስ በርስ ተፈላልገው አይደለም። ደህና አድርጎ ያስታውስ፣ በመሀላቸው ርቀት አለ፣ አንዱ ሲጠጋ ሌላው ጭ ጭ ጭ ብሎ ያባርረዋል፣ የተባረረው ኮርኒስ ውስጥ ይገባል ወይ በመስኮት ወደ ጎረቤት ያልፋል። የናንተ ሽሮ ቤት ርዝመቱ ቢበዛ 76 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። የት ይሂድ? የሌፐርድ ጌኮ ዘር ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ድንጋያማ ደረቅ ኮረብታዎች፣ እስከ ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ድረስ ያለ ነው፣ እዛ ድንጋዩ ብዙ ነው፣ ያልተመቸው ሌላ ድንጋይ ስር ይገባል።

እንቁራሪቷ ጋ ልምጣ። ሆዷ ቀይ ወይ ብርቱካንማ ነው ካልሽኝ ፋየር ቤሊ የሚሏት መሰለኝ፣ ከኮሪያና ከሰሜን ምስራቅ ቻይና አካባቢ የመጣች ናት፣ ያ ቀለም ለጌጥ አይደለም፣ መርዛማ ነኝ አትንኩኝ ማለቷ ነው። ቆዳዋ መርዝ ያመነጫል፣ ሽሮ ደሞ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ካየ ለመንከስ አያመነታም። መርዙ ቢቀር እንኳ እሷ ውሃና ቅዝቃዜ ትፈልጋለች፣ እሱ ደረቅና ሙቅ፣ ለአንዱ ብታስተካክዪ ሌላው ይታመማል። ልጁን እንዲህ ብሎ የመከረው ሰው እንስሳ እየሸጠ እንዲህ ማለቱ በጣም ነው ያናደደኝ፣ የሚያምነው ልጅ ነው እኮ ፊቱ የቆመው።

ኤሊዋን በፍፁም። የውሃ ኤሊ ታንኩ ባብዛኛው ውሃ መሆን አለበት፣ ሌፐርድ ጌኮ ዋና አያውቅም ይሰምጣል፣ ኤሊ ደሞ ያገኘችውን ጣትም ጭራም ትነክሳለች። ትንሽዬ መሆኗም ሌላ ነገር አለው፣ አሜሪካ ውስጥ ቅርፊቷ ከ4 ኢንች በታች የሆነች ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ከ1975 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው፣ ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቷት ብዙ ታመው ነበር። ሳልሞኔላ ሽሮም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ነክቶት እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፣ የውሃ እቃውንም ሰሃን በምታጥቢበት ቦታ አትጠቢው። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለሽ ጨርሶ አይንካው።

ነገ ደሞ ክሬስትድ ጌኮስ፣ ቢርድድ ድራገንስ ማለቱ አይቀርም። ክሬስትድ ጌኮ የኒው ካሌዶንያ ደሴት ልጅ ነው፣ ጠፋ ተብሎ በ1994 እንደገና የተገኘ፣ እርጥበት ይወዳል፣ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል፣ ለሽሮ የሚስማማው ሙቀት እሱን ይጎዳዋል። ቢርድድ ድራገን የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት የቀን እንስሳ ነው፣ አድጎ ሽሮን ሊውጠው ይችላል። ሁለቱም አይሆኑም።

አብሮት የሚኖር ነገር የግድ ከተፈለገ አንድ አለ፣ እንስሳ ብሎ ልጅሽ ከተቀበለው። ስፕሪንግቴይል የሚባሉ ነጫጭ ነጥብ የሚያካክሉ ነፍሳትና ድዋርፍ ዋይት የሚባሉት ትናንሽ አይሶፖዶች (ብዙ እግር ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት) አፈሩን ያጸዳሉ፣ ሻጋታና ሰገራ ይበላሉ፣ ጌኮውን አይነኩትም፣ ቢበላቸውም ምንም አይሆንም። ግን ታንኩ በእውነተኛ አፈር የተሞላና አንድ ጥጉ እርጥብ ከሆነ ነው የሚኖሩት፣ ፔፐር ታወል ላይ ይሞታሉ። ክሪኬት ግን አብሮ አያድርም! ያልተበላ ክሪኬት ማታ ይርበውና የተኛውን ጌኮ ይነክሳል፣ የአይኑን ቆብ ጭምር። በ15 ደቂቃ ያልበላውን አውጡት።

እናንተ ሰፈር ደሞ በጋ ላይ ማታ ማታ ሳር ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ጥንዚዛ አለች፣ ፋየርፍላይ። ልጆች በጠርሙስ ይሰበስቧታል። ልጅሽ ለሽሮ ስጦታ ብሎ አንድ እንዳይሰጠው፣ እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ውስጧ መርዝ አላት፣ አንዷ ብቻ ቢርድድ ድራገንን የሚያክል እንሽላሊት ትገድላለች፣ ለጌኮም ያው ናት።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። እኛ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፣ ልጆቻችንም በአንድ ትሪ ሲበላ እያዩ ነው የሚያድጉት፣ ስለዚህ ብቻውን ያለ ፍጡር ሲያይ ማዘኑ ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ እንዳትቆጪው። ግን ሌፐርድ ጌኮ የመንጋ እንስሳ አይደለም፣ ከእንቁላል ከወጣበት ቀን ጀምሮ እናቱንም ወንድሙንም አይፈልግም፣ ሌላ ጌኮ ለሱ ወይ ጠላት ነው ወይ ለርቢ የሚገናኘው ነው። ሽሮ ጓደኛ አጥቶ አልተኛም፣ ማታ የሚነቃ ስለሆነ ነው ቀን ቀን የሚተኛው። ልጅሽ ብቸኛ ነው ያለው ቀን ተኝቶ ስለሚያየው ይመስለኛል። ከራት በኋላ መብራት ቀንሳችሁ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሚልዎርም የሚባለውን ትል በመቆንጠጫ ይስጠው፣ እጁን ታንኩ ውስጥ ዝም ብሎ ያስቀምጥ፣ አይያዘው፣ አይንካው፣ ሽሮ ራሱ መጥቶ ጣቱን ይልሳል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከመጣ በኋላ ግን ይሄ ልጅ ስለ ጓደኛ አያለቅስም።

ሁለቱንም ማሳደግ ከፈለጋችሁ በየግል ታንካቸው ነው፣ እኔ የምወደውም እሱን ነው፣ ልጁ ሁለት ጌኮ አለኝ ይላል፣ እነሱም አይተያዩም፣ በመስታወት እንዳይተያዩ ደሞ መሀላቸው ካርቶን አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሙቁ ወለል 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጎን 24፣ 25፣ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት የግድ ያስፈልገዋል፣ ያለ ቴርሞስታት ሆዱን ያቃጥለዋል። መደበቂያ ሶስት፣ አንዱ ሙቁ ላይ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ላይ፣ አንዱ ደሞ ቆዳው ሲገፈፍ የሚገባበት እርጥብ። ግን በደንብ አስቡበት፣ ሌፐርድ ጌኮ 15፣ 20 ዓመት ይኖራል፣ ልጅሽ ኮሌጅ ሲገባ ሁለቱንም የምታበዪው አንቺ ነሽ። አንችልም ካላችሁም ነውር የለውም፣ እንሽላሊት የሚቀበሉ የእንስሳት ማሳደጊያዎች አሉ፣ ፈልጋችሁ ስጡ፣ ውጭ ሳር ላይ ብቻ አትልቀቁት፣ የሜሪላንድን ክረምት አያልፈውም።

ዛሬ ማታ ስትለዪአቸው ሁለቱንም መዝኑና ወረቀት ላይ ከነቀኑ ጻፉት፣ ሚዛኑ ግን ለእነሱ ብቻ ይሁን። ከዛ በየቅዳሜው እየመዘናችሁ ቀጥሉ፣ ልጁ ይጻፈው። ክብደቱ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከቀነሰ አትጠብቂ ቬት ውሰጂው። ነገ ጠዋት ደሞ ሽሮ የት እንዳደረ እይልኝ፣ ሙቁ መደበቂያ ውስጥ ገብቶ ካገኘሽው እስከዛሬ ከስር የነበረው እሱ ሊሆን ይችላል። የሰገራው ውጤት ሲመጣ ከቁጥሮቹ ጋር ጻፊልኝ፣ የአዲሱንም ስም ልጁ ካወጣለት ንገሪኝ።